በኮምፒዩተር የተሣለ ግድግዳ ሲቀርብልን ብሎኬቱን እንቁጠር

የመማሪያ ክፍል ወይም ክሊኒክ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒዩተር የተዘጋጀ ሥዕል ለነዋሪው ቀርቦ አስተያየት የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ሥዕሉ እንዴት እንደሚዘጋጅ በአጭሩ ልናስረዳ እንወዳለን።

ንድፍ አውጪው በመጀመሪያ ባዶ ግድግዳ ያቆማል፤ ቀጥሎ የብሎኬት ግንብ ፎቶግራፍ እንደ ልጣፍ ያለብሰዋል። ብሌንደርን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች የልጣፉን መጠን የሚወስነው እሱ ነው፤ ስሕተት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው ብሎኬት ርዝመቱ ወደ 40፣ ቁመቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉ በአግድም 5፣ ወደ ላይም 5 ብሎኬት ካሳየ ልጣፉ 2 ሜትር በ1 ሜትር መሆን አለበት። የ8 ሜትር ግድግዳ በአንድ ረድፍ 20 ብሎኬት ይይዛል። በሥዕሉ ላይ 40 ከቆጠርን ልጣፉ በግማሽ አንሷል፤ ዓይናችንም ግድግዳውን 16 ሜትር አድርጎ ይገምተዋል። ለልጆቻችን ይሰፋል ብለን የተስማማንበት ክፍል ተሠርቶ ሲያልቅ ይጠብባል።

ጣሪያውንም እንይ። የቆርቆሮው ቦይ ከላይ ወደ ታች መውረድ ሲገባው አግድም የተጋደመባቸው ሥዕሎች ያጋጥማሉ (ዝናቡ ወዴት እንደሚሄድ ንድፍ አውጪው ይንገረን!)።

ግድግዳው በእርግጥ ብሎኬት ይሁን ጭቃ ከልጣፉ አይታወቅም። በስብሰባው ላይ ልኩና የዕቃው ዝርዝር ከሥዕሉ ጋር እንዲቀርብ እንጠይቅ።