አንዲቷ ቅጠል፦ የሥዕላዊ ታሪክ ዋና ገጾችን ስለ መሰብሰብና ስለ መጠበቅ

በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ በተለምዶ ኮሚክ የምንለው፣ በብዙ ሺህ ቅጂዎች ታትሞ በየእጃችን ይገባል። ቅጂዎቹ ሁሉ የሚወለዱት ግን ሠዓሊው በእጁ ከሠራት አንዲት ወረቀት ነው። እነዚህን የውስጥ ገጾችና የሽፋን ሥዕሎች ፈልጎ ማሰባሰብ በዓለም ላይ ሰፊ ገበያም የጥናት መስክም ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ዋናው ገጽ ከኅትመቱ የሚለይበትን ምክንያትና በአገራችን ያለውን ተመሳሳይ ቅርስ ካየን በኋላ፣ የምዕራብ ሐረርጌዋን አሰቦት ለማሳያነት ወስደን ገጾቹ የሚጎዱበትንና የሚጠበቁበትን መንገድ እንመለከታለን።

ኅትመት የማይነግረን

ከኮምፒውተር ዘመን በፊት ሠዓሊው ከኅትመቱ በሚበልጥ ወፍራም ወረቀት ላይ በእርሳስ ይነድፍና በጥቁር ቀለም ያደምቅ ነበር። ገጹ ለኅትመት በካሜራ ሲነሣ መጠኑ ስለሚያንስ ጥቃቅን ጉድለቶች ይሸሸጋሉ። ብዙዎች በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ ይነድፉ ነበር፤ ለማተሚያ ያገለግል የነበረው ፊልም ሰማያዊን ከነጭ ስለማይለይ ንድፉ በኅትመቱ ላይ አይወጣም። በዋናው ገጽ ላይ ግን ንድፉ፣ እርማቱና በኅዳጉ የተጻፈው ማሳሰቢያ ሁሉ ይታያል።

ስፓይደርማን እ.ኤ.አ. በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን መጽሔት ስቲቭ ዲትኮ የሣለባቸው 24 ዋና ገጾች፣ ስሙ እንዲገለጽ ባልፈለገ ሰው አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2008 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተበርክተዋል። የእርሳሱ ንድፍና የነጭ ቀለሙ እርማት ስለሚታይባቸው ተመራማሪ የሠዓሊውን ሐሳብ እርምጃ በእርምጃ መከተል ይችላል። የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1936 ለቲንቲን መጽሐፍ ሽፋን ያዘጋጀው ሥዕል ደግሞ፣ ቀለማቱን ማተም ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ሳይታተም ቀረ። ይኸው ወረቀት የመታጠፍ ምልክቱን እንደያዘ እ.ኤ.አ. በ2021 ፓሪስ ውስጥ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል።

የእኛዎቹ ቅጠሎች

በአገራችን ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክ የቆየ ልማድ ነው። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍሎች ተከፍሎ፣ ከየሥዕሉ ጋር አጭር ጽሑፍ ተጨምሮበት ይሣላል። ይህ ሥዕል ከኮሚክ የሚለይበት ዐቢይ ነገር አለ። ኮሚክ አንድ ዋና ገጽና ብዙ ኅትመት ሲኖረው፣ የሳባ ታሪክ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ በእጅ ስለሚሣል እያንዳንዱ ቅጂ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በብራና መጻሕፍት ዘንድ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ሥዕል ያለበትን ቅጠል ከመጽሐፉ ቆርጦ ለየብቻው መሸጥ ቅርሳችንን ሲጎዳ የኖረ ተግባር ነው። መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠና ሥዕሉ የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ የሚነግሩን ቀሪዎቹ ቅጠሎች ናቸው። ተቆርጣ የወጣች ቅጠል ያማረች ብትሆንም ምስክርነቷን አጥታለች። ከዚህም ሌላ ገዢን ለማማለል በአሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ቀለሙ በብራናው አሮጌ ስንጥቆች ውስጥ ገብቶ ከተገኘ፣ ሥዕሉ ብራናው ካረጀ በኋላ መሠራቱን በአጉሊ መነጽር ማወቅ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል። ይህ ለጥናት ታላቅ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ ጥቁርና ነጭ ፊልም ጽሑፉን እንጂ የሥዕሉን ቀለም አያስቀምጥም። ቅጂ ዋናውን አይተካም ስንል ይህን ማለታችን ነው።

የአሰቦት አየር ምን ያደርጋል?

አሰቦት ከተማ ሞቃት በሆነው ሜዳ፣ በቀድሞው የምድር ባቡር መስመር ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ባለው ተራራ ላይ ደግሞ ደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳም አለ። በከተማዋ ባለ አንድ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ቀን ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 40 በመቶ ነው እንበል። በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ሳይለወጥ ሌሊት ሙቀቱ ወደ 24 ዲግሪ ቢወርድ፣ እርጥበቱ ወደ 57 በመቶ ገደማ ይወጣል። ብራና ቆዳ፣ ወረቀትም የእንጨት ጭረት ስለሆነ ሁለቱም እርጥበት ሲጨምር ይለጠጣሉ፣ ሲቀንስ ይኮማተራሉ። በላያቸው ያለው ቀለም ግን እኩል ስለማይለጠጥ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል።

ሁለተኛው ጠላት ብርሃን ነው። ከጥላሸት የተሠራ ጥቁር ቀለም ካርቦን በመሆኑ ብርሃን አያደበዝዘውም፤ የጥንት ጽሑፎቻችን ደምቀው የቆዩት በዚህ ነው። የዛሬዎቹ ማርከሮች ግን ቀለማቸው የሚመጣው ከሞለኪውሎች ትስስር ሲሆን፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ይህን ትስስር ይበጥሰዋል። ሦስተኛው አሲድ ነው፤ ርካሽ ወረቀት በውስጡ ያለው ሊግኒን ከአየር ጋር ሲገናኝ ይበጫል፣ ወረቀቱም ይሰባበራል። እሳትና ምስጥም አሉ። በ2004 ዓ.ም. በአሰቦት ገዳም ደን የተነሣው ቃጠሎ፣ አንድ ብቻ የሆነ ነገር ምን ያህል በአደጋ አፋፍ ላይ እንደሚኖር አስታውሶናል።

ሰብሳቢው ምን ያድርግ?

ስብስብ ለመጀመር ሚሊዮን ዩሮ አያስፈልግም። በአሰቦትም ሆነ በጭሮ ያለ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ የተሣሉ ዋና ሥዕሎችን በማሰባሰብ መነሣት ይችላል። ገጹ ሳይታጠፍ፣ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ክዳን ርቆ፣ በጨለማ ቦታ በጠፍጣፋው ይቀመጥ። የፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ አሲድ ስለሚያመነጭ ፖሊስተር ይመረጣል። የተቀደደውን በስኮች ማጣበቅ አይገባም፤ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ይበጫል። የሠዓሊው ስም፣ ዘመኑና የተገኘበት ሁኔታ በተለየ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የብራና ቅጠል ለሽያጭ ሲቀርብ ግን ከመግዛት ይልቅ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት የተከለከለ ነው።

ዛሬ ብዙ ሥዕላዊ ታሪኮች በቀጥታ በኮምፒውተር ስለሚሣሉ ጨርሶ ዋና ወረቀት የላቸውም። በእጅ የተሠሩት ገጾች ቁጥር እንግዲህ የሚጨምር ሳይሆን የሚቀንስ ነው። መልካም ሰብሳቢ የምንለውም ብዙ ገጽ ያከማቸውን ሳይሆን፣ ገጹን ከነታሪኩ ለሚቀጥለው ትውልድ ያስተላለፈውን ነው።