የኩላሊት ሕመም ሲጠረጠር የትኛው ምርመራ ይቀድማል?

ወገቡን የታመመ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ሕመሙን ብዙ ጊዜ ራሱ ሰይሞ ነው፤ «ኩላሊቴን ነው» ይላል። በግ ወይም ወይፈን ሸጦ ወደ ከተማ የዘለቀ አርሶ አደርም፣ ከደመወዙ ቆጥቦ የመጣ የከተማ ነዋሪም ሲቲ ስካን እንዲታዘዝለት ይጠይቃል፤ ዋጋው የከበደ መሣሪያ ሁሉንም ያያል የሚል እምነት አለና። መሣሪያዎቹ የሚለያዩት ግን በሚመልሱት ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሳይታወቅ የተነሣ ምስል ገንዘብ ከመጨረስ አልፎ ታማሚውን ወደ ተሳሳተ ሕክምና ሊመራው ይችላል።

ከምስል በፊት የሕመሙ ጠባይና የሽንት ምርመራ ይቀድማሉ። ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ ሸክም ሲያነሡ ወይም ሲያርሱ ውለው የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል የወገብ ሕመም በአብዛኛው የጡንቻና የአከርካሪ ነው። የኩላሊት ጠጠር ሕመም በሌላ መልክ ይመጣል፤ በድንገት ከጎን ይነሣና ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ይነሣል ይተዋል፣ ያስመልሳል፣ ታማሚው በየትኛውም ጎኑ ቢተኛ ዕረፍት አያገኝም። በሽንት ውስጥ ደም መገኘቱ ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው። በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ ጨረር የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም ለሕፃንም ይሆናል። የኩላሊትን መጠን፣ ሽንት ታግዶ ኩላሊቱ መነፋቱን፣ በውስጡ ያለ ጠጠርን፣ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥንና ከተሸና በኋላ በፊኛ የሚቀረውን ሽንት ያሳያል። ፊኛው በደንብ እንዲታይ ከምርመራው አንድ ሰዓት ያህል በፊት ውኃ ጠጥቶ ሽንትን ይዞ መቆየት ይረዳል። ድክመቱ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ መካከል የተሰነቀረ ትንሽ ጠጠርን በአንጀት አየር ምክንያት ሊስት መቻሉ ነው። ያም ሆኖ በአሜሪካ በ15 የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች በ2 ሺህ 759 ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በአልትራሳውንድ መጀመር በሲቲ ስካን ከመጀመር ጋር ሲነጻጸር አደገኛ ሕመሞችን በመሳት ረገድ የጎላ ልዩነት እንደሌለው፣ የጨረሩን መጠን ግን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ሲቲ ስካን ተገቢ የሚሆነው አልትራሳውንዱ መልስ ሳይሰጥ ሕመሙ ሲቀጥል ወይም ሐኪሙ ጠጠሩን ለማውጣት ትክክለኛ ቦታውንና መጠኑን ሲፈልግ ነው። በተራ ኤክስሬይ የማይታየውን የዩሪክ አሲድ ጠጠር ጭምር ያሳያል። ለጠጠር የሚነሣው በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ ሳይጨመርበት ነው። ማቅለሚያው የሚጨመረው ዕጢ ወይም መግል ሲጠረጠር ሲሆን፣ አስቀድሞ በደም ውስጥ ያለው የክሬያቲኒን መጠን መታወቅ ይኖርበታል።

ሕመም ሳይኖር በሽንት ደም መታየቱ ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ ዕድሜው ከ40 ለዘለለና ለሚያጨስ ሰው የፊኛና የኩላሊት ካንሰር አለመኖሩ መረጋገጥ ስላለበት፣ አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም ተብሎ አይታለፍም፤ ማቅለሚያ ያለው ሲቲ ስካንና ፊኛን በካሜራ ማየት ሊከተል ይችላል። ለሥራ ወደ አዋሽ መካከለኛና ታችኛው ሸለቆ ወርዶ የነበረ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ብልሃርዚያ በዚያ ይገኛል። በጣና ዙሪያ የሚታወቀው አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ወረቀቱን የያዘው ሰው ከአንድ ከሚያስፈራ ቃል በቀር የሚረዳው የለም። «ሀይድሮኔፍሮሲስ» የሚለው ቃል ሽንት ተጠራቅሞ ኩላሊቱ መነፋቱን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ቀላል የሚባለው ደረጃ በእርግዝና ወይም ፊኛ ከመጠን በላይ ሲሞላም ሊታይ ይችላል። «ሲምፕል ሲስት» ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፣ በአብዛኛውም ሕክምና አያሻውም። በሕዝቡ ዘንድ «አሸዋ» የሚባለው የ2 ወይም የ3 ሚሊ ሜትር ነጭ ነጥብ ደግሞ ጠጠር ሳይሆን ስብ ወይም የደም ሥር ግድግዳ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ጠጠር ቢሆን እንኳ ሽንት እስካልዘጋ ድረስ ለዓመታት የቆየ የወገብ ሕመም ምክንያት የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። በዚህች ነጥብ የተነሣ ስንት ሰው የአከርካሪ ሕመሙን ትቶ ለኩላሊቱ መድኃኒት ሲውጥ ይከርማል! ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ጠጠር ወደ ቱቦው ቢወርድም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ግን ያለ ሐኪም እርዳታ የመውጣት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ምስል የማይናገረውም አለ። የአዋቂ ኩላሊት ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም በእጅጉ አንሰው ከታዩ ሥር የሰደደ ሕመም ይጠረጠራል። መልኩ ደኅና የተባለ ኩላሊት ግን ሥራው እየደከመ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ክሬያቲኒኑና በሽንቱ የሚወጣው ፕሮቲን ሳይመረመር በምስል ብቻ ሊጽናና አይገባም።

የጎን ውጋቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት፣ ሽንት ጨርሶ ከቆመ፣ ወይም ታማሚው ያለው ኩላሊት አንድ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀጠሮ የሚጠበቅለት አይደለም። ከተዘጋ ቱቦ በላይ የተጠራቀመ ሽንት ሲያመረቅዝ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊዛመት ይችላል፤ መርፌ ብቻውን አይበቃም፣ የታገደው ሽንት መፍሰስ አለበት።

ወደ ሌላ ሐኪም ሲኬድ የቀድሞው ፊልምና ወረቀት አብሮ ይያዝ። ጠጠሩ ማደጉ ወይም መውረዱ የሚለየው ከፊተኛው ምስል ጋር ሲተያይ ነው፤ ለአንድ ምርመራ ሁለት ጊዜ ከመክፈልም ያድናል።