ለልጅ ፈቃድ ከመስጠት አስቀድሞ፤ በቢሲክሌት ወደ ሁሩታና ወደ አርሲ ደጋ

ልጅ ዐሥራ ስድስት ወይም ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው፥ ቢሲክሌት ያለው እንደ ሆነ፥ የሰፈሩ ጎዳና ይጠበዋል። ከዚያም አንድ ቀን በእራት ገበታ ላይ ሳለ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሩቅ አገር ሊሄድ እንዲፈቀድለት ይለምናል። አባት የመንገዱን አደጋ ብቻ አስቦ ወዲያው ይከለክላል፤ እናትም ዝም ትላለች፤ ልጁም ሌላ ቀን ሳያስፈቅድ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ወላጆች መንገዱን አስቀድመው ዐውቀው መፍቀድ፥ ወይም ዐውቀው መከልከል ነው። ስለዚህ ዛሬ ከአዳማ ተነሥቶ በኢተያና በሁሩታ በኩል ወደ አሰላ፥ ከዚያም እስከ በቆጂ የሚደርሰውን የአርሲን የደጋ መንገድ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች እንገልጻለን። ከብዙ መንገዶች ይህን የመረጥነው ከተሞቹ ስለሚቀራረቡ፥ ዳገቱም ቀስ እያለ ስለሚነሣ ነው።

ከአዳማ የተነሣ ቢሲክሌተኛ በመጀመሪያ የሚያገኘው ቁልቁለት እንጂ ዳገት አይደለም። መንገዱ በግራር ምድር ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርድና ከተሻገረ በኋላ ፊቱን ወደ ደጋ ይመልሳል። በደራ አጠገብ ድልፈቃር የሚባል ቁጥቋጦ የሸፈነው ኮረብታማ ስፍራ አለ፤ ይህም በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከተቋቋመው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ነው። የቀሩት ጭላሎ ገላማ፥ ካካና ሁንቆሎ ናቸው። በድልፈቃር ቀንዱ የተጠማዘዘው የቆላ አጋዘን ይኖራል፤ ነገር ግን በቀትር የሚያልፍ ሰው ከግራርና ከአቧራ በቀር ሌላ አያይም። አውሬውን ለማየት የሚወድ፥ ይልቁንም ሙቀቱን ለማምለጥ የሚፈልግ፥ ጎሕ ሲቀድ ከአዳማ መውጣት ይገባዋል።

ከደራ በኋላ ግራሩ እያነሰ፥ ነፋሱም እየቀዘቀዘ ሄዶ ኢተያ ሲደርሱ ሰፊው የስንዴ አገር ይጀምራል። ከኢተያ ዋናው መንገድ ወደ አሰላ ያቀናል፤ ሌላው ግን ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ ወደ ሁሩታ፥ ከዚያም ወደ አርሲዋ ሮቤ ይሄዳል። ከኢተያ እስከ ሁሩታ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ለመጀመሪያው ቀን ማደሪያ ከሁሩታ የተሻለ ስፍራ አናውቅም። አብዛኛው መንገደኛ በችኮላ ወደ አሰላ ስለሚያልፍ ይህችን ከተማ ሳያያት ይቀራል።

ሁሩታ የሎዴ ሂጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ወደ ደቡብ ቢመለከቱ የበዳ ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ ተራራ ለአገሩ ሰው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ውሃውም ከእርሱ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ከበዳ ምንጮች ውሃው ያለ ሞተር፥ በገዛ ቁልቁለቱ በቧንቧ እየወረደ ለሁሩታና ለኢተያ፥ በዙሪያውም ላሉት ብዙ የገጠር መንደሮች እንዲደርስ ተደርጓል። የቧንቧውም ርዝመት ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ልጁ በሁሩታ ከቧንቧ ውሃ ሲቀዳ ከየት እንደ መጣ ቀና ብሎ ሊያይ ይችላል።

ስለ ደኑ ግን እውነቱን መናገር ይገባል። ዱሮ ጽድና ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ የነበረበት የተራራው እግር ዛሬ አብዛኛው እርሻ ሆኗል፤ በመንገዱ ዳር የሚታየውም ዛፍ ብዙው ባሕር ዛፍ ነው። የቀረው ደን ያለው ከፍ ካለው ተዳፋት ላይ፥ በየገደሉና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አስታው፥ ከዚያም በላይ ጅባራው ይገኛል። በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘንም የሚኖረው በእነዚህ በአርሲና በባሌ ተራሮች ነው፤ የውጭ አገር የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ስለ እርሱ ያወቁት ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ፥ ይኸውም በዚሁ በአርሲ ተራራ አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ከገደለው በኋላ ነው። ወደዚያ ቢሲክሌት አይወጣም፤ ቢሲክሌቱን ለታመነ ሰው አስጠብቆ በእግር ከመሪ ጋራ መሄድ ነው።

በዚሁ በሂጦሳ አገር አኖሌ የሚባል ስፍራ አለ። የአርሲ ሕዝብ በ1870ዎቹ ዓመታት የሸዋ ጦር በዘመተበት ጊዜ ለብዙ ዓመታት ሲዋጋ ኖሯል። በዚያ ዘመቻ እጃቸውንና ጡታቸውን ስለ ተቆረጡ ሰዎች የአገሩ ሽማግሎች ሲተርኩት የኖሩትን የሚያስታውስ ሐውልትና ቤተ መዘክር በ2006 ዓ.ም. በአኖሌ ተመርቋል። ስለ ሐውልቱ በአገራችን ብርቱ ክርክር ተደርጓል። ክርክሩን እዚህ አናነሣውም፤ ነገር ግን ልጅ ይህን ነገር ከቤቱ ሳይሰማ ሄዶ በሰው አገር በሐዘን ስፍራ ሲስቅና ፎቶግራፍ ሲነሣ ቢገኝ ነውሩ የወላጆቹ ነው።

ሌላም የሚታወቅ የአገር ክብር አለ። ያገባች የአርሲ ሴት ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር አለቻት፤ በሠርጓም ቀን ከእናቷ እጅ ትቀበላታለች። ሲንቄ የያዙ ሴቶች በጠበኞች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ ተሰልፈው ሲሄዱም መንገዳቸውን የሚያቋርጥ የለም። ልጃችን እንዲህ ያለ ሰልፍ ቢያጋጥመው ከቢሲክሌቱ ይውረድና ዳር ይዞ እስኪያልፉ ይቁም። ሰላምታውንም በኦሮምኛ መማር የአንድ ቀን ሥራ ስለ ሆነ የሚያመካኝበት ነገር የለውም።

ከሁሩታ ወደ ኢተያ ተመልሶ ወደ አሰላ ሲወጡ በስተ ግራ ተራራው፥ በስተ ቀኝ ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደው ሜዳ ይታያል፤ ሰማዩ የጠራ ሲሆን የዝዋይ ሐይቅ ከሩቅ ያበራል። በመንገዱ ላይ ያለው ቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የስንዴ ዘር የሚሻሻልበት ስፍራ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም በዚሁ አውራጃ ማዳበሪያንና የተሻሻለ ዘርን ለገበሬው አስለምዷል። ይህን የምናነሣው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ስንዴና ገብስ በበዛበት አገር የጭነት መኪና ይበዛል፤ በመከር ጊዜም ኮምባይነሩ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዛወር የመንገዱን ስፋት ሞልቶ ይመጣል። እርሱን ያየ ቢሲክሌተኛ ከአስፋልቱ ወርዶ ይጠብቅ።

አሰላ 2,430 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከእርሷ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሳጉሬ በኩል የምትገኘው በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትደርሳለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። የአዲስ አበባ ልጅ ከሞላ ጎደል የለመደው አየር ነው፤ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ግን በሁሩታና በአሰላ አንዳንድ ሌሊት ሳያድር ወደ በቆጂ ቢወጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። ይህ አየር ነው እንግዲህ የአሰላውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፥ የበቆጂዎቹን ደራርቱ ቱሉን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያሳደገው። ኃይሌ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ዐሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድ፥ ዐሥርም ሮጦ ይመለስ ነበር።

በዚህ ስፍራ ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ቃል እንናገር። ወንዱን ፈቅደን እኅቱን በቤት የምናስቀር ብዙዎች ነን። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ሩጫ ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪቃውያን ሴቶች የመጀመሪያይቱ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ሜዳሊያ ሆነች፤ ያደገችውም ይህ መንገድ በሚያልፍበት አገር ነው። የሚያሠጋው ነገር መንገዱና መኪናው ከሆነ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው፤ የሚያሠጋው ሰው ከሆነ ደግሞ ብቻ አለመሄድ፥ ከመሸ አለመጓዝና ማደሪያን አስቀድሞ ማስያዝ ለሁለቱም ይበጃል።

ቢሲክሌት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋራ ቢሲክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባም በረጅሙ የመንገድ ውድድር 24ኛ ሆኖ ገብቷል። በ2008 ዓ.ም. የመቐለው ፅጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የመንገድ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪቃ፥ ያውም ኮረብታ በበዛባት በኪጋሊ ተደርጓል። አርሲ ግን እስከ ዛሬ የምትታወቀው በሯጮቿ ነው፤ በዚያ ሳምባና በዚያ እግር ላይ መልካም ቢሲክሌት ቢጨመርበት ምን እንደሚሆን ለማየት እንጓጓለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ወላጆች የሚፈሩት ዳገቱን ነው፤ «ልጄ ይደክምብኛል» ይላሉ። ዳገት ቢያደክም እንጂ አይገድልም፤ የደከመ ልጅ ወርዶ እየገፋ ይሄዳል። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ከአሰላ እስከ አዋሽ ድረስ መንገዱ ከ800 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ልጁም ሳይረግጥ እንደ መኪና ይሮጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ መካከል ከብት ወይም የአህያ ጋሪ ቢገባ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ደግሞም የጎማውን ብረት በሚጨብጥ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ሳይለቁ ይዘው ቢወርዱ ብረቱ ግሎ የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ፍሬን ያዝ ለቀቅ፥ ፊተኛውንና ኋለኛውንም እያፈራረቁ ነው፤ በመጠምዘዣ ላይ ሳይሆን ከመጠምዘዣው በፊት ነው። ፊተኛው ይበልጥ የሚያቆም ቢሆንም በድንገት ጨምድደው ቢይዙት ሰውን ከመሪው በላይ አሻግሮ ይጥላል። ዝናብ ሲሆን ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል፤ ከበቆጂ በብርድ የሚወርድ ልጅም ጣቱ ደንዝዞ ፍሬኑን መጨበጥ ሊያቅተው ስለሚችል ጓንት ለቅምጥልነት የሚያዝ ዕቃ አይደለም። የራስ ቁር የማያደርግ ልጅ ከግቢ በር አይውጣ።

ፈተናውን በቤት ማድረግ ይቻላል። አባት ልጁን ከአንድ ቀን በፊት ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ማናቸውም ቁልቁለት ወስዶ፥ መኪና በማያልፍበት ሰዓት፥ ካሰመረለት መሥመር ላይ ቢሲክሌቱን እንዲያቆም ያድርገው። ሦስት ጊዜ አስተካክሎ ካቆመ ይሂድ፤ ካላቆመ ጉዞው ለሌላ ወር ይቆይ። ጎማ አውልቆ መለጠፍንም ይወቅ፤ ጎሚስታ በከተማ እንጂ በሁለት ከተማ መካከል አይገኝም። ወሩን ከሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ እንመርጣለን፤ ክረምት ጉሙ ቢሲክሌተኛውን ከሾፌር ዐይን ይሸፍነዋል።

ስንቁን እናት ታዘጋጃለች፤ አርሲም ለዚህ የሚሆን የራሱ ምግብ አለው። ጭኮ የሚባለው ከተቆላና ከተፈጨ ገብስ በንጥር ቅቤና በቅመም ታሽቶ ይሠራል፤ አይበላሽም፥ ቦታ አይዝም፥ ጥቂቱም ብዙ ያስኬዳል። ነገር ግን ቅቤ ዳገት ላይ ስለሚከብድ ጭኮውን ለማረፊያ ሰዓት ማድረግ፥ በመንገድ ላይ ደግሞ ቆሎና በሶ ከብዙ ውሃ ጋራ መውሰድ ይሻላል።

ልጁ ቁልቁለቱን ያልለመደ እንደ ሆነ ከአሰላ በአውቶቡስ ቢመለስ ነውር የለበትም። ቢሲክሌቱ በጣራ ላይ ሲጫን የካቴናው ወገን ወደ ላይ ሆኖ፥ ከሌላ ጭነት በታች ሳይሆን በላይ፥ በሁለት ገመድ ይታሰር። ከቤት ሲደርስም ጭቃው ሳይደርቅ ይታጠብ፤ ካቴናው በጨርቅ ተወልውሎ ዘይት ይቀባ፤ ይህንም ሥራ ለዘበኛ ሳይሰጥ ልጁ ራሱ ይሥራው።