ግማሹ ኃይል ወዴት ሄደ?

ኃይል በባከነ ቁጥር ባትሪ ቶሎ እንደሚደክም ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ቮልቴጅን ያለ ብዙ ብክነት ስለ መለወጥ በሙከራ የተማርሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ካፓሲተር ማለት ኤሌክትሪክን ለጊዜው አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ ነው። እያንዳንዳቸው 1000 ማይክሮፋራድ የሆኑ ሁለት ካፓሲተሮች ወስጄ አንዱን በ10 ቮልት ሞላሁና ከባዶው ጋር አገናኘሁት። ሁለቱም 5 ቮልት ያህል ሆኑ። ነገር ግን ሒሳቡን ብሠራው አስቀድሞ የነበረው 0.05 ጁል ኃይል ወደ 0.025 ጁል ወርዷል። የተሳሳትሁ መስሎኝ ሽቦውን በወፍራም ለወጥሁት፤ ውጤቱ ያው ሆነ። አፍሬ ደብተሬን ልዘጋ ስል የፊዚክስ መምህራችን አይተው፣ «ሙከራህ ትክክል ነው፤ ግማሹ ሙቀት ሆኖ ጠፍቷል። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ባዶ አታድርገው» አሉኝ።

እንደ ምክራቸው አንዱን በ10፣ ሌላውን በ9 ቮልት ሞልቼ አገናኘኋቸው። ሁለቱም 9.5 ቮልት ሲሆኑ በሒሳብ የሚጠፋው ኃይል 0.00025 ጁል ብቻ ነው። የቮልት ልዩነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲያንስ ብክነቱ ወደ አንድ መቶኛ አነሰ ማለት ነው። ውሃም ከከፍታ ሲወድቅ ይንቦጫረቃል፤ ከዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ ግን ዝም ብሎ ይፈሳል።

በካፓሲተር ቮልቴጅን የሚለውጥ መሣሪያም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ቮልቴጁን በግማሽ ለማውረድ ሁለት ካፓሲተሮች ሲሞሉ በተከታታይ፣ ሲያወጡ ጎን ለጎን ይቀጠላሉ፤ ይህንንም የሚቀያይሩት ትራንዚስተሮች ናቸው። መቀያየሩ ሲፈጥን ካፓሲተሩ ብዙ ሳይጎድል ስለሚሞላ ብክነቱ ያንሳል። ሆኖም እያንዳንዱ መቀያየር ራሱ ጥቂት ኃይል ስለሚበላ ከልክ በላይ ማፍጠን አይጠቅምም። ደግሞም መሣሪያው ለሥራው ልክ መሆን አለበት፤ 10 ቮልትን ወደ 5 ከሚያወርድ መሣሪያ 4 ቮልት ብንወስድ ለጥቅም የሚውለው ኃይል ቢበዛ ከመቶ 80 እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1932 ኮክክሮፍትና ዋልተን በካምብሪጅ የሊቲየምን አቶም አስኳል የሰነጠቁት ካፓሲተሮችን በየተራ እየሞላ ቮልቴጅን በሚያባዛ መሣሪያ ነበር። ዛሬም በፍጥነት የሚሞሉ ብዙ የእጅ ስልኮች ቮልቴጅን በዚህ ዓይነት ዘዴ በግማሽ ያወርዳሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! በዚያ ቀን ደብተሬን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልተማርሁ ነበር። ሒሳብ አልገጥም ሲላችሁ አትሸሽጉት፤ ትምህርቱ ያለው እዚያው ነውና።