የአደይ ዘር ከጓሮዎ አይጥፋ

ባሕር ማዶ ዘመድ ካለዎት፣ በየካቲትና በመጋቢት ገደማ ከሚላኩልዎት ፎቶዎች አንዱን ሳያውቁት አይቀሩም፦ በረዶው ገና ቀልጦ ሳያልቅ ከመሬት ብቅ ያለች ሐምራዊ ወይም ቢጫ ትንሽ አበባ። ክሮከስ ትባላለች። ለአውሮፓ ቤተሰብ ብርዱ ማለፉን የምታበስር እሷ ናት። ለምግብ ማቅለሚያ የሚሆነው ውዱ ሳፍሮንም የሚለቀመው ከአንዲት የክሮከስ ዘመድ ነው።

«እኔስ ጓሮዬ ውስጥ ባበቅላት?» ብለው አስበው ይሆናል። ቆቦ ላይ ግን አትሆንም። ክሮከስ የምትወጣው ትንሽ ሽንኩርት ከሚመስል ሥር ነው፤ ይህ ሥር ለማበብ ለሁለትና ለሦስት ወራት ያህል አፈር ውስጥ ጠንካራ ብርድ ማግኘት አለበት። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቆቦና ዙሪያዋ ያለው የራያ ሜዳ ደግሞ እንዲህ ያለውን ብርድ አያውቁትም። ሥሩን ፍሪጅ ውስጥ አቆይቶ አንድ ጊዜ ማሳበብ ይቻላል፤ በዓመቱ ግን እንደገና ማቀዝቀዝ ወይም ሌላ መግዛት የግድ ነው።

ደግነቱ፣ የወቅት አብሳሪ አበባ ለማግኘት ፈረንጅ አገር መላክ አያስፈልገንም። አደይ አበባ አለችን።

በራያ ቆቦ የክረምቱ መገባደድ የሚታወቀው ነሐሴ 16 ላይ ሴቶች ልጆች ወገባቸው ላይ ለምለም ሣር አስረው ሶለልን ሲጫወቱ ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንቁጣጣሽ ይገባል፤ ከዚያም መስከረም 17 መስቀል። በዚህ ሰሞን ሁሉም ሰው አደይን ይፈልጋል። እንደ እኔ በግብይት ሙያ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ፈላጊው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጎርፋል፣ አቅራቢዋ ግን ሜዳዋ ብቻ ናት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አደይ በየዓመቱ ከዘር የምትበቅል ተክል ናት። አብባ፣ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች፤ ሥሯ ለከርሞ አይቆይም። ዘር ሳትይዝ ከነግንዷ ከተነቀለች ለሚቀጥለው መስከረም የምታስቀምጠው የለም። በዚያ ላይ ሜዳው ይታረሳል፣ ቤትም ይሠራበታል። ስለዚህ በየጓሮአችን የምናቆያት ጥቂት ዘር ዋጋ አላት።

እንዴት ትተከላለች?

ዘር፦ አደይ ይበልጥ የሚስማማት ደጋና ወይና ደጋው ነው። ቆቦ ላይ ለመዝራት ዘሩን ከሩቅ ደጋ ከማምጣት ይልቅ በቅርብ ካለው ተራራ ግርጌ ቢለቅሙት ሙቀቱን የመልመድ ዕድሉ ይሰፋል።

ጊዜ፦ የራያ ዝናብ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ የሚወጣ ነው። የአካባቢው ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው የሚጠልፈውም ለዚህ ነው። እርስዎም ዝናቡን ብቻ አይጠብቁ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይዝሩና እስከ ሐምሌ እያጠጡ ያቆዩ። ዝናቡ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ካቋረጠም ውኃ ማጠጣቱን ይቀጥሉ፤ እምቡጡ የሚያዘው ያን ጊዜ ነው። አትክልት ያጠቡበት ውኃ ይበቃል፤ ሳሙና የነካው ግን አይሆንም።

አፈር፦ የሜዳው ጥቁር መረሬ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ከወንዝ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉት። ፍግ አያብዙ፤ ቅጠሉ ይንዠረገግና አበባው ያንሳል።

ቦታ፦ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ይሁን። ጓሮ ከሌለዎት የተቆረጠ ጀሪካን ወይም የቀለም ቆርቆሮ ከሥሩ በስቶ መጠቀም ይቻላል። ዘሩን በስሱ አፈር ብቻ ያልብሱት። ቡቃያው እስኪጠነክር ከዶሮና ከፍየል ይከልሉት። ሲወጣ አንድ ስንዝር ያህል እያራራቁ ያሳሱት።

ለበዓሉ ሲቆርጡ ግንዱን ከሥሩ አይንቀሉ፤ በመቀስ ከላይ ይቁረጡ። ከአሥር ተክል ቢያንስ ሦስቱን ፈጽሞ አይንኩ። አበባው ረግፎ ራሱ ሲጠቁር ዘሩ ደርሷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምትና በኅዳር። የአደይ ሳይንሳዊ ስም ባይደንስ ማክሮፕቴራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል በግሪክኛ «ባለ ትልቅ ክንፍ» እንደ ማለት ነው። ዘሩን መዳፍዎ ላይ አድርገው ቢያዩት ጠርዙ ላይ ያለችውን ስስ ክንፍ ለልጆችዎ ማሳየት ይችላሉ።

ዘሩን ጥላ ሥር አድርቀው በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡ፤ ላስቲክ ውስጥ እንዳይሻግት። ፖስታው ላይ የለቀሙበትን ወርና ቦታ ልጅዎ ይጻፍበት። ከተረፈም ለጎረቤት ያካፍሉ፤ የእርስዎ ባይበቅል እንኳ ከርሞ ከእነሱ ይወስዳሉ።