ባውሃውስ፦ ፈጠራና ሂስ በአንድ ጠረጴዛ

መምህሩ ክፍል ሲገባ የያዘው የጋዜጣ ክምር ብቻ ነበር። ለተማሪዎቹ አደላቸውና ከወረቀቱ አንድ ነገር እንዲሠሩ አዘዛቸው። ጠባዩን አክብሩ፣ አታባክኑት፣ ቢቻል መቀስም ሙጫም አትንኩ ብሏቸው ወጣ። ከሰዓታት በኋላ ሲመለስ ጭምብሉ፣ ጀልባው፣ አውሮፕላኑ፣ ግንቡ፣ እንስሳው ተደርድሮ ጠበቀው። አየና ይህ የሕፃናት ጨዋታ ነው፣ አብዛኛው ከሌላ ነገር ቢሠራ ይሻል ነበር አላቸው። ከዚያ ምንም ያልተደከመበት ወደሚመስል ሥራ ጠቆመ። አንድ ወጣት ወረቀቱን በቁመቱ አጥፎ አቁሞታል፤ ሌላ ምንም አልጨመረበትም። ዘወትር የሚልፈሰፈሰው ጋዜጣ በእጥፋት ብቻ ጠንክሮ በቀጭኑ ጠርዙ ቆመ። መምህሩ ወረቀት የሚችለውን ያወቀው ይህ ነው ብሎ ምክንያቱን አብራራላቸው።

መምህሩ ጆሴፍ አልበርስ ነው፤ ታሪኩን በኋላ የተረከው ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ባውሃውስ ይባላል። አርክቴክቱ ዋልተር ግሮፒየስ እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመኗ ቫይማር ከተማ የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤቶችን አዋህዶ መሠረተው። በ1925 ወደ ዴሳው፣ በ1932 ወደ በርሊን ተዛወረ፤ በ1933 በናዚዎች ጫና ተዘጋ። የኖረው 14 ዓመት ብቻ ነው። አዲስ ገቢ ሁሉ በመሰናዶ ኮርስ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ብረታ ብረት፣ ሽመና፣ እንጨት ወይም የግድግዳ ቀለም ወርክሾፕ ይገባል። አልበርስ ራሱ በ1920 የገባው በተማሪነት ነበር።

ሂስ ሲባል ብዙዎቻችን ነቀፋ ይመስለናል። ልዩነቱን ያቺ የአልበርስ ክፍል በደንብ ታሳያለች። ነቀፋ ሥራውን አጣጥሎ ዝም ይላል፤ ሂስ ግን ሥራው ለምን እንደቆመ ወይም ለምን እንደወደቀ ይናገራል። ተማሪው ምክንያቱን ከሰማ በኋላ ነገ ሌላ ወረቀት አንስቶ የተሻለ ማጠፍ ይችላል።

ባውሃውስ መምህራኑንም ከጥያቄ አላዳነም። ሠዓሊው ቫሲሊ ካንዲንስኪ በ1923 መጠይቅ በተነ። ሦስት ቅርጾች አሉ፦ ሦስት ማዕዘን፣ ካሬና ክብ። ሦስት ቀለሞች አሉ፦ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ። የቱ ለየቱ ይስማማል? መላሹ ቀለሙን ይቀባል፣ ሙያውንና ፆታውን ይሞላል፣ ከቻለም ምክንያቱን ይጽፋል። አብዛኞቹ ሦስት ማዕዘኑን ቢጫ፣ ካሬውን ቀይ፣ ክቡን ሰማያዊ አደረጉ፤ እርሱም የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር። ባልደረባው ኦስካር ሽሌመር ግን አልተስማማም። ዛሬ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ከመምህሩ የሰሙ ሰዎች የመምህሩን መልስ ቢመልሱ ስለ ዓይን ተፈጥሮ ምን ያስረዳል? ጥናት ሂስ የሚያስፈልገው ውጤቱ ከተመኘነው ጋር በገጠመበት ሰዓት ነው።

ገበያው ደግሞ የራሱን ሂስ ይዞ መጣ። በ1924 ቪልሄልም ቫገንፌልድና ካርል ያኮብ ዩከር በብረታ ብረቱ ወርክሾፕ የጠረጴዛ መብራት ሠሩ፦ ክብ እግር፣ ቀጥ ያለ ግንድ፣ የወተት መልክ ያለው የመስታወት ጉልላት። ቫገንፌልድ መብራቱን ወደ ላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ይዞት ሲሄድ ነጋዴዎቹ ሳቁበት። ዕቃው በማሽን የተመረተ ርካሽ ነገር ይመስላል፤ በእጅ ስለተሠራ ግን ውድ ነው። ሳቁ ያማል፣ ግን እውነት ነበረበት። መልኩ ለብዙኃን የታሰበ ዕቃ ብዙኃኑ ሊገዙት ካልቻሉ ሥራው ገና አላለቀም።

ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው የግድግዳ ወረቀት ነው። ሃነስ ማየር ዳይሬክተር በነበረበት በ1929 ትምህርት ቤቱ ራሽ ከተባለው የግድግዳ ወረቀት አምራች ጋር ተስማማ፤ ንድፉም በተማሪዎች ውድድር ተመረጠ። በዘመኑ ተወዳጁ ትልልቅ አበባ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ደቃቅ መስመርና ፈዘዝ ያለ ቀለም መረጡ። እንዲህ ያለው ንድፍ ጠባብ ክፍልን አያጨናንቅም፤ ሠራተኛው ሲለጥፍም አበባውን ከአበባው ለማጋጠም ብዙ ቆርጦ አይጥልም። ወረቀቱ ከትምህርት ቤቱ ምርቶች ሁሉ ይበልጥ ገቢ አስገኘ። በተከራይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዲዛይን፣ ገበያና የኑሮ ባህል እንዲህ ተገናኙ።

ትምህርት ቤቱ ግን ራሱ ሂስ ይገባዋል። ሲከፈት ወንድና ሴት እኩል ናቸው ተብሎ ነበር፤ ብዙዎቹ ሴቶች ግን ወደ ሽመና ተገፉ። ጉንታ ሽቶልስል ከተማሪነት ተነሥታ የሽመናውን ወርክሾፕ መራች፤ ማሪያነ ብራንት ወደ ብረታ ብረቱ ገብታ በፋብሪካ የተመረቱ መብራቶችን ነደፈች። የእነርሱ ሥራ ትምህርት ቤቱ ቃሉን እንዳጠፈ የሚመሰክር ሂስ ሆኖ ቆሟል።

ዲዛይን፣ ማርኬቲንግ ወይም ባህል የምታጠኑ ልጆች፣ ከዚህ ትምህርት ቤት አንድ ልማድ ብትወርሱ ደስ ይለኛል። የጓደኛችሁን ሥራ ስታዩ «አሪፍ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ «አይረባም» ብላችሁም አትሂዱ። ዝቅ በሉና የትኛው እጥፋት እንዳቆመው ፈልጉ፤ ከዚያም ንገሩት።