የማዝጋን ማጣሪያና የቤት ውስጥ አየር በወረርሽኝ ወቅት

በእስራኤል በብርዱ ወራት፣ በተለይም በኢየሩሳሌምና በጽፋት ከፍታዎች፣ አብዛኛው ቤተሰብ በርና መስኮቱን ዘግቶ ቤቱን በማዝጋን ያሞቃል። እንደ ኮቪድ-19 ያለ በትንፋሽ የሚተላለፍ ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ይህ ልማድ ጥንቃቄን ይሻል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣራ ሥር በሚኖሩበት ቤት፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ቫይረስ አረጋውያኑ ዘንድ ለመድረስ የሳሎኑ አየር ይበቃዋል። ስለዚህ የማዝጋን ማጣሪያ ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙዎች ማዝጋን ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ይመስላቸዋል። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ዓይነት ግን ይህን አያደርግም። ከቤት ውጭ የተተከለውን ክፍል ከውስጡ ጋር በሚያገናኙት ቱቦዎች የሚመላለሰው ሙቀትን የሚያጓጉዝ ጋዝ ነው፤ አየር አያልፍባቸውም። መሣሪያው የክፍሉን አየር ስቦ በማጣሪያው ያሳልፋል፣ ያሞቀዋል፣ ወደዚያው ክፍልም ይመልሰዋል። ቡና ሲቆላ ጢሱ ከወጥ ቤት እስከ መኝታ ቤት እንደሚዘልቅ ሁሉ፣ ሕመምተኛው ሲናገርና ሲያስል የሚወጡት ጥቃቅን የትንፋሽ ጠብታዎችም በተዘጋ ቤት ውስጥ ይዘዋወራሉ። ሽታ ስለሌላቸው ግን ማንም ልብ አይላቸውም። በጥር 2020 በቻይና ጓንግዡ ከተማ፣ መስኮት በሌለው የምግብ ቤት ፎቅ በአጎራባች ጠረጴዛዎች ምሳ ከበሉ 3 ቤተሰቦች መካከል 10 ሰዎች በቫይረሱ መያዛቸው ታውቋል። የአየር ማቀዝቀዣው ያንኑ አየር ያዘዋውር ነበር፤ ከውጭ የሚገባው ንጹሕ አየር ግን እጅግ አነስተኛ ነበር።

የማዝጋኑ ማጣሪያ ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚታዩ የፕላስቲክ መረብ ነው። አቧራን፣ ፀጉርንና የጨርቅ ብናኝን ይይዛል። የኮሮና ቫይረስ ግን ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 10,000ኛ እጅ ያህል ነው፤ ቫይረሱን የሚሸከሙት ጥቃቅን ጠብታዎችም በመረቡ ያለ ችግር ያልፋሉ። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮ ሜትር ስፋት ካላቸው ቅንጣቶች ቢያንስ 99.97 በመቶውን ስለሚይዝ፣ ራሱን ችሎ በሚቆም የአየር ማጽጃ ውስጥ ሲገጠም በእርግጥ ይጠቅማል። ተራው ማዝጋን ግን በዚህ ዓይነት ጥቅጥቅ ማጣሪያ ውስጥ አየር የሚገፋበት ጉልበት የለውም። ስለዚህ «ቫይረስ ገዳይ» ተብሎ በማስታወቂያ ለሚቀርብ የማዝጋን መረብ ገንዘብ ከማውጣት መቆጠብ ይሻላል።

እንዲህ ከሆነ ማጣሪያውን ማጽዳት ለምን ያስፈልጋል? የተደፈነ ማጣሪያ አየር አያሳልፍም። ክፍሉ ቶሎ አይሞቅም፣ የመብራት ወጪው ይጨምራል፣ ቤተሰቡም ሙቀቱ እንዳያመልጥ መስኮቱን ይበልጥ አጥብቆ ይዘጋል። ጉዳቱ የሚብሰው በዚህ በኩል ነው። ከዚህም በላይ የተከማቸው አቧራ አስም ያለበትን ሰው ያስላል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ሳል ቤተሰብን ያስደነግጣል። ወጥ በሚቁላላበት፣ ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጤስበት ቤት ቅባትና ጥቀርሻ ከአቧራው ጋር ስለሚጣበቅ መረቡ ከሌላው ቤት ፈጥኖ ይደፈናል።

ማዝጋኑ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ማጣሪያውን በየ2 ሳምንቱ ያጽዱ። አስቀድመው መሣሪያውን ያጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉንም ያቋርጡ። በቤት ውስጥ ሕመምተኛ ካለ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ያድርጉ፣ መስኮትም ይክፈቱ። መረቡን በክፍሉ ውስጥ አያራግፉ። ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና አጥበው በጥላ ሥር ፈጽሞ እስኪደርቅ ይተዉት፤ እርጥብ ሆኖ ቢመለስ ሻጋታ ያበቅላል። አልኮል ወይም በረኪና ወደ መሣሪያው ውስጥ መርጨት አደገኛ ነው። አረጋውያን ለዚህ ሥራ ወንበር ላይ መውጣት የለባቸውም፤ ከልጆቻቸው አንዱ ይሥራላቸው።

መስኮት ስለ መክፈት

አረጋውያን ወላጆቻችን «ብርድ ይመታናል» በማለት መስኮት እንዲከፈት አይወዱም። ይህን ሥጋት ማቃለል አይገባም፤ ለአረጋዊ ሰው ብርድ በእርግጥ ጎጂ ነው። ይሁን እንጂ ለጥቂት ጊዜ መስኮት ሲከፈት የሚወጣው አየሩ እንጂ በግድግዳውና በቤት ዕቃው ውስጥ ያለው ሙቀት አይደለም፤ ተመልሶ ሲዘጋ ክፍሉ ብዙ ሳይቆይ ይሞቃል። በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን ይክፈቱ። አረጋውያኑም በዚያ ጊዜ ጋቢያቸውን ደርበው ከነፋሱ መንገድ ፈቀቅ ብለው ይቀመጡ። ለቡና ወይም ለለቅሶ እንግዳ በሚመጣበት ጊዜ ግን እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ አንድ መስኮት ገርበብ ብሎ ይቆይ።

ሕመምተኛ ለብቻው በሚተኛበት ቤት ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። አንድ ማዕከላዊ ማዝጋን ሁሉንም ክፍሎች የሚያሞቅ ከሆነ በር መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ከሕመምተኛው ክፍል በበሩ ሥር የሚወጣው አየር በመተላለፊያው በኩል ተስቦ ለሌሎቹ ክፍሎች ይከፋፈላልና። የሚቻል ከሆነ ማዕከላዊውን አጥፍተው እያንዳንዱን ክፍል በተለየ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያሙቁ፤ የሕመምተኛውም መስኮት በትንሹ ክፍት ይሁን።

ማዝጋን ሲበላሽ ወይም የመብራት ወጪው ሲከብድ የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ ክፍል አስገብቶ መሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የማዝጋን ማጣሪያም ሆነ የፊት መሸፈኛ አያግደውም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰል በነደደበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጥተው ወደ 101 ይደውሉ።